ከቧንቧው አገር የሚመጣ ሰላምታ

ጋሽ ደምሴ ያረፉት በኅዳር መጨረሻ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፎርድስበርግ በሚገኘው የብርድ ልብስ ሱቃቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ስልካቸው ከእጃቸው ወድቆ መስተዋቱ ተሰባብሯል። ጉልበታቸው ላይ በሱቁ ካሉት ሁሉ ወፍራሙ ብርድ ልብስ ተዘርግቷል። የዚያን ቀን ጆሀንስበርግ ላይ የነበረው ሙቀት አስፋልቱን አለስልሶ ጫማ የሚይዝ ነበር።

የብርድ ልብሱ ነገር ለቀስተኛውን አነጋገረ። አንዳንዱ “ሞት ሲቀርብ ይበርዳል” አለ። አንዳንዱ ደግሞ “ዓይነ ጥላ ነው” አለ። እኔ ዕድሜዬን በዜና ሥራ የፈጀሁ ሰው ነኝ። የማውቀውን እጽፋለሁ፤ የማላውቀውን “ምክንያቱ አልታወቀም” ብዬ አልፋለሁ። ይህንንም አልታወቀም ብዬ አለፍኩት። ስለዚህ እናንተም ለጊዜው እለፉት።

እኛ ሰዎች፣ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ከሞት ይልቅ የሞትን ወሬ እንፈራለን። ሌላው ዓለም ስልክ ይደውላል፤ “አዝናለሁ፣ አባትህ ሞተዋል” ይላል፤ ይዘጋል። የእኛ ግን ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ሰዓት ይመረጣል፤ የሚረዳው ሰው እንዲበላ ይደረጋል፤ ግራና ቀኙን የሚይዙት ሰዎች ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው ቃሉ የሚወጣው። ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ባሕር ማዶ ላለ ሰውማ ጨርሶ አይነገርም። ከአገር ርቃችሁ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፦ እናታችሁን አገናኙኝ ባላችሁ ቁጥር ጠበል ሄዳለች፣ ቤተ ክርስቲያን ነች፣ አሁን ገና ጋደም አለች ከተባላችሁ፣ ስልኩን ዝጉና ጥቁር ልብስ ፈልጉ።

ጋሽ ደምሴ ደግሞ ልጃቸው ሩቅ አገር እያለ ነው ያረፉት። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ናትናኤል ይባላል፤ ሁላችንም ናቲ እንለዋለን። አባት ከሆሳዕና፣ እናት እትዬ አበራሽ ከደሴ፣ ልጁ ከጆሀንስበርግ። እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ብየዳ ተምሮ፣ ከዚሁ ተቀጥሮ ወደ ዓለም ሰሜናዊ ጫፍ ሄደ። አገሩን አልጠራም፤ ኩባንያው ጠበቃ አለው። ብቻ ክረምት ሲገባ ፀሐይ ለሳምንታት የማትወጣበት፣ ምድሩ እስከ ሆዱ ድረስ በረዶ የሆነበት፣ በዚያ በረዶ ላይ ደግሞ አንድ የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድሞ የሚሄድበት አገር ነው። የናቲ ሥራ የቧንቧውን ቁስል መፈለግና መበየድ ነበር።

ለአማርኛ ራዲዮ አንድ ዝግጅት ስሠራ ብዙ ጠይቄዋለሁ። ቧንቧው መሬት ላይ አይተኛም፤ በእግር ላይ ቆሟል። ነዳጁ ትኩስ ስለሆነ መሬቱን ቢነካው በረዶው ይቀልጣል፤ መሬቱ ሲቀልጥ ይሰምጣል፤ ቧንቧው አብሮ ይሰበራል። ቀጥ ብሎም አይሄድም፤ እንደ እባብ ይጥመለመላል፤ ብረቱ በብርድ ሲሸማቀቅና በሙቀት ሲሳብ መንቀሳቀሻ እንዲኖረው ተብሎ ነው። በየቦታው የሚገፉት ፓምፖች አሉ። ከቆሙ ነዳጁ በዚያ ብርድ እንደ ቅቤ ይረጋል። ውስጡን የሚጠርግ፣ ከነዳጁ ጋር የሚጓዝ አንድ ትልቅ መፋቂያ ደግሞ አለ፤ ሠራተኞቹ “አሳማ” ይሉታል። ጋሽ ደምሴ ቃሉን በቤታቸው ላለመጥራት “ያ እንስሳ ዛሬም አለፈ ወይ?” ነበር የሚሉት።

ከነገረኝ ሁሉ አንዱ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። “አንክል” አለኝ፣ “እዚያ ወደቡ ጋ ያሉት ሰዎች ዛሬ የሚቀዱት ነዳጅ ድሮ የተላከ ነው። ከዚህ ተነስቶ እዚያ እስኪደርስ ብዙ ቀን ይፈጃል። የላከው ሰው እኮ እስከዚያ ፈረቃው አልቆ ሄዷል። ነዳጁ ግን ይመጣል።”

እኔም ጥሩ ጥቅስ ነው ብዬ ለዝግጅቱ መዝጊያ አደረግኩት።

ናቲ ያለበት ካምፕ ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ የቀጥታ ጥሪ አይሸከምም። ስለዚህ አባትና ልጅ በየእሑዱ በድምፅ መልእክት ይገናኙ ነበር። ጋሽ ደምሴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ስልካቸውን እንደ ማይክሮፎን አፋቸው ላይ ይደቅኑና እንዲህ ይላሉ፦ “ናቲ፣ እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ሥራ ደህና ነው? ብርዱ እንዴት ነው? በደንብ ልበስ። ብላ። ጸሎት አትርሳ። እናትህ ደህና ናት። በል ደህና ሁን።” ከሰዓት በኋላ መልሱ ይመጣል፦ “ደህና ነኝ አባዬ። ሥራ ደህና ነው። ብርዱ እንደምታውቀው ነው። እየበላሁ ነው። እማዬን ሳምልኝ።” ያለፈው ሳምንትም ይኸው ነበር። የሚቀጥለውም ይኸው ነው። አትሳቁ፤ የእናንተንም ስልክ ብንከፍተው ከዚህ የተለየ አናገኝም።

ጋሽ ደምሴ ባረፉበት ዕለት አመሻሹ ላይ የእድሩ ሰዎች ሜይፌር በሚገኘው ቤታቸው ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ጋሽ ታምሩ ናቸው፤ በዚህ ከተማ ውስጥ መርዶ ያላረዱት ሰው የለም።

“ለልጁ አይነገርም” አሉ ገና ሳይቀመጡ።

“አባቱ እኮ ነው” አለ አንዱ።

“ለዚህ ነው የማይነገረው! በዚያ ጨለማ ማን ይይዘዋል? ማን ያስለቅሰዋል? በረዶው ነው ‘አይዞህ’ የሚለው?”

እትዬ አበራሽ ቀና አሉ። “ልጄ እሳት ይዞ ነው የሚሠራው” አሉ። “ከፍታ ላይ ወጥቶ ነው የሚሠራው። አባትህ ሞተ ብላችሁት እጁ ቢንቀጠቀጥስ? አንዱን ዛሬ ወሰደብኝ። ሁለተኛውን በእናንተ አፍ አታስወስዱብኝ። ኮንትራቱ ጥር ላይ ያልቃል። በእግሩ መጥቶ፣ እቅፌ ውስጥ ሆኖ ይስማ።”

ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። ፌስቡክ ላይ ፎቶ እንዳይለጠፍ ተወሰነ። ከሂልብሮው ፎቅ እስከ ቶኮዛ የሰፈር ስፓዛ ሱቅ ያለው ሐበሻ ሁሉ አፉን እንዲይዝ ተነገረ። የማን ወረቀት እንዳለቀ፣ የማን ሚስት እንደኮበለለች ከምሳ በፊት የሚያዳርስ ሕዝብ፣ እመኑኝ፣ ይህን ምስጢር ያዘ። ሐዘን ሲሆን እንዲህ ነን።

ግን ነገ እሑድ ነው። አባትየው በእሑድ ዝም ካሉ ልጁ ይጠረጥራል።

መላውን ያመጣችው ሳሚ የምንላት ሳምራዊት ናት፤ የእትዬ አበራሽ የእህት ልጅ፣ እዚሁ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ የምትማር። የተሰበረውን ስልክ ሲም ካርድ አውጥታ ሌላ ስልክ ላይ አስገባችው፤ የድሮዎቹ የድምፅ መልእክቶች ተመልሰው መጡ። እሑድ ዕለት አንዱን አሮጌ መልእክት ከአንድ ስልክ እያጫወተች በሌላው ቀዳችው። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ለመምረጥ አልተቸገረችም።

“ሃው አንክል” አለችኝ በሹክሹክታ፣ “ይሄ ነገር ሲርየስሊ ክሪፒ ነው፤ ያስፈራል። አጎቴ እዚያ ክፍል ተገንዘው፣ እዚህ እየተናገሩ ነው።”

“ላኪው” አሉ ጋሽ ታምሩ።

ላከችው። ሁላችንም ስልኩን ከበን ተቀመጥን። መልሱ ከወትሮው ዘገየ። እትዬ አበራሽ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጮኸ።

“ደህና ነኝ አባዬ። ሥራ ደህና ነው። ብርዱ እንደምታውቀው ነው። እየበላሁ ነው። እማዬን ሳምልኝ።”

እናትየው ባል በሞተባቸው ማግስት ሳቁ። እኔም፣ ሐቁን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ይህ በየእሑዱ ቀጠለ። ጋሽ ደምሴን በዌስት ፓርክ መካነ መቃብር ከቀበርናቸው በኋላም በየእሑዱ “ጸሎት አትርሳ” ይላሉ። ከሰሜንም መልሱ ይመጣል። እትዬ አበራሽ በጥቁር ልብሳቸው ተቀምጠው ባልና ልጃቸው ሲነጋገሩ ይሰማሉ። “ብርዱ እንዴት ነው?” ይላሉ ሟች። “እንደምታውቀው ነው” ይላል ልጅ። አንድም ቀን ጥያቄና መልሱ አልተዛነፈም። ሰላምታችንን የሠሩት አባቶች ምን ያህል አርቀው አስበው እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለመጠየቅም ለመመለስም መኖር የግድ አይደለም።

“ልጁ ግን ምንም አዲስ ነገር አይናገርም” አለች ሳሚ አንድ እሑድ።

“ወንድ ልጅ ከመቼ ወዲህ ተናግሮ ያውቃል?” አሉ እትዬ አበራሽ።

ሁለት ነገሮች ግን ያሳስቡኝ ነበር። አንደኛው ጥሪው ነው። በጋሽ ደምሴ ቁጥር ላይ በሥራ ቀናት ከባሕር ማዶ አንድ ረጅም ቁጥር ይደውላል። ናቲ ወደ ከተማ ወጥቶ ቀጥታ እየደወለ ነው ብለን ፈራን። የሞተ ሰው ደግሞ ስልክ አያነሳም። እንዳይነሳ ተወሰነ። ስልኩ ሶፋው ላይ ትራስ ሥር ሆኖ ሲንቀጠቀጥ፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ትራሱን ያያል። ስልኩ ዝም ይላል። ከዚያ “እና፣ ምን እያልን ነበር?” ይባላል። ከጊዜ በኋላ መደወሉን ተወ። እፎይ አልን።

ሁለተኛው ድምፁ ነው። ናቲ “እማዬን ሳምልኝ” ካለ በኋላ ከጀርባው አንድ ነገር ይሰማል። ረጅም፣ ክፍት አፍ ባለው ጠርሙስ ላይ የሚተነፍስ ሰው ዓይነት፤ ከሩቅ ይመጣል፣ ይቀርባል፣ ያልፋል። ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በፊት ለአባቱ አሰምቶት ነበር፤ አሳማው በቧንቧው ውስጥ ሲያልፍ ነው። የገረመኝ በየእሑዱ ማለፉ ነው። ሁልጊዜ ከዚያችው ቃል በኋላ፣ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ። የጋዜጠኛ ጆሮ አለኝ፤ ሰምቻለሁ። አሰብኩበትም። “ትልቅ ኩባንያ ነው፣ ሰዓት ያከብራል” ብዬ ተውኩት።

ጥር ገባ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሐሙስ ከናቲ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈ መልእክት መጣ፦ “ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቤት እንደርሳለን። እባካችሁ ሁላችሁም ከቤት አትውጡ።”

“እንደርሳለን?” አለች ሳሚ። “ከማን ጋር?”

እትዬ አበራሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። “ልጅት ይዞ ነው የሚመጣው!”

በዚህ ቤት ውስጥ ለብዙ ሳምንታት ያልተሰማ ጫጫታ ተነሳ። የፈረንጅ ልጅ ናት፣ የለም የእኛው ናት ተባለ። ጋሽ ታምሩ ግን ተጨነቁ፤ በሙሽራ ፊት መርዶ ነግረው አያውቁም። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፦ እትዬ አበራሽ ጥቁራቸውን አውልቀው ባለቀለም ቀሚስ ለብሰው በሩን ይከፍታሉ፤ የጋሽ ደምሴ ፎቶ ከግድግዳው ይነሳል፤ ልጆቹ ይበላሉ፤ ከዚያ ጋሽ ታምሩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ቅዳሜ ሳሎኑ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፤ ናቲን ግራና ቀኝ የሚይዙት ሁለት ጎረምሶች በሩ አጠገብ ቆሙ። ተንኳኳ። እትዬ አበራሽ አረንጓዴ ቀሚሳቸውን አስተካክለው፣ ፈገግታቸውን አዘጋጅተው ከፈቱ።

በሩ ላይ አንድ ቀጭን ወጣት ቆሟል። ናቲ አይደለም። ከኋላው ሦስት ሽማግሌዎች አሉ፤ ከፕሪቶሪያ ቤተ ክርስቲያን መሆናቸውን በኋላ ሰማን። ልብሳቸው ንጹሕ ነው፤ ፊታቸው ለስላሳ፣ በጣም ለስላሳ፤ አንደኛው እጁን ወደ እትዬ አበራሽ ክንድ ጠጋ አድርጓል፣ ቢወድቁ ለመያዝ ያህል።

ወጣቱ በሳቂታዋ ሴት ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ሳሎኑ ተመለከተ። በግድግዳው ዙሪያ ዝም ብለው የተደረደሩትን ሽማግሌዎች አየ። ጋሽ ታምሩም እነዚያን ሦስቱን አዩ።

መርዶ ነጋሪ መርዶ ነጋሪን ያውቃል።

“ጋሽ ደምሴ... የሉም እንዴ?” አለ ወጣቱ።

ጋሽ ታምሩ ከወንበራቸው ተነሱ።

“ናቲስ?” አሉ ጋሽ ታምሩ። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ።

እትዬ አበራሽ አሁንም ከሰዎቹ ጀርባ ወደ ደረጃው እያዩ ነበር። ልጃቸው ሻንጣ እየጎተተ ወደ ኋላ የቀረ መስሏቸው።

ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። ላይችል አይሰጥም ይባላል። ይህን ያለው ሰው ያን ቀን እዚያ ሳሎን ውስጥ አልነበረም።

ወጣቱ ክብሮም ይባላል፤ የመቀሌ ልጅ ነው፤ ከናቲ ጋር በአንድ ክፍል ይኖር ነበር። ለቅሶው ጋብ ሲል ነገረን። ናቲን የያዘው የበረዶ መኪና የቀዘቀዘ ወንዝ ሲያቋርጥ በረዶው ከሥሩ ተከፈለ። በኅዳር መጨረሻ ነው። ዓርብ።

ጋሽ ደምሴ ያረፉት በማግስቱ ነው።

“ስልኩን ክፍላችን ትቶት ነበር፤ እሑድ ዕለት የአባቱ ድምፅ መጣ” አለ ክብሮም። “ናቲ እጁ ጓንት ውስጥ ሲሆን መልእክት የምከፍትለት እኔ ስለነበርኩ ስልኩን መክፈት እችል ነበር። ‘እንዴት ነህ? በደንብ ልበስ’ ይላሉ። አለቆቻችን ‘ለቤተሰብ ነግረናል’ ብለውን ነበር። ድምፃቸውን ስሰማ ዋሽተውናል አልኩ። ሽማግሌው ምንም አያውቁም። እንዴት ብዬ በስልክ ልንገራቸው? ሰው አጠገባቸው ይኑር አይኑር አላውቅ። ኮንትራቴ እስኪያልቅ፣ በእግሬ መጥቼ እስክነግራቸው ብዬ... የድሮ መልእክቶቹ ስልኩ ላይ ነበሩ።”

“የምን የድሮ?” አለች ሳሚ። ግን ገብቷት ነበር። ሁላችንም ገብቶን ነበር።

ሁለት ሟቾች በየእሑዱ ብርዱ እንዴት ነው ሲባባሉ ከረሙ። እኛ ከዚህ፣ እሱ ከዚያ እየገፋን፣ እንዳይረጋ። ትራስ ሥር የቀበርነው ስልክ የሚጮኸው ደግሞ ኩባንያው አስከሬኑን ወዴት እንላክ እያለ ነበር። ናቲ እስካሁን ያለው እዚያው ነው፤ መልስ እየጠበቀ፣ ብርድ ላይ።

ታዲያ እኔ የማውቀውን ነው የምጽፈው ብያችኋለሁ፤ አንድ ቃል አላስተኛ አለኝ። “ለቤተሰብ ነግረናል።” ለማን?

ሰኞ ረፋዱ ላይ ፎርድስበርግ ሄድኩ። ከጋሽ ደምሴ ሱቅ አጠገብ ሽቶ የሚሸጥ ዩሱፍ የሚባል ሰው አለ። ሞተው ያገኛቸው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱቁ ደጃፍ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ስንቴም ሰላም ብዬዋለሁ።

“የዚያን ቀን ስልክ ተደውሎላቸው ነበር?” አልኩት።

“አዎ” አለ ወዲያው።

“ለምን አልተናገርክም?”

“ማን ጠየቀኝ?” አለ። ጠርሙሶቹን መደርደሩን አላቋረጠም። “ቆመው ነበር ያነሱት። ‘አዎ፣ አባቱ ነኝ’ አሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሰሙ። ‘ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ’ አሉ። ጨረሱ ብዬ ሳስብ እንደገና ጠየቁ፤ ‘አሁን የት ነው ያስቀመጣችሁት? ብርድ ላይ ነው?’”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ከክምሩ ላይ ወፍራሙን ብርድ ልብስ መርጠው አወረዱ። ይዘውት ተቀመጡ። ደንበኛ ያዘዛቸው ነበር የመሰለኝ።”